የልጁ ክብደት

ከአዳማ ወደ ደቡብ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ፣ ቆላው እየቀረ ደጋው እየቀዘቀዘ ይሄድና በጭላሎ ተራራ ግርጌ የአሰላ ከተማ ትገኛለች። በዚህች ከተማ ዳርቻ፣ የሰው ግቢ ከገብስ ማሳና ከከብት መሰማሪያ ጋር በሚዋሰንበት ስፍራ፣ አንድ የሒሳብ መምህር ከሚስቱና ከአንድ ወንድ ልጁ ጋር ይኖራል። ልጁ በሕፃንነቱ ወድቆ ጭኑ ተሰብሮ ነበርና አጥንቱ አጥሮ ስለ ተጋጠመ፣ ስምንት ዓመት ሲሞላው ቀኝ እግሩ ከግራው በሁለት ጣት ያህል ያንስ ነበር። መቆም አይቸግረውም፤ መሄድም ይሄዳል፤ ነገር ግን ጥቂት ከሄደ በኋላ ወገቡን ይይዘዋል።

ይህ ነገር በማናቸውም አገር ለአንድ ልጅ ከባድ ነው፤ በአርሲ ግን ከሌላው አገር ይልቅ ይከብዳል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1973 ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የተወለደው በአሰላ ነው፤ 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ወደ ትምህርት ቤት ይሄድ፣ 10 ኪሎ ሜትርም እየሮጠ ይመለስ እንደ ነበረ ያልሰማ የአሰላ ልጅ አይገኝም። ደራርቱ ቱሉም፣ ቀነኒሳ በቀለም፣ ጥሩነሽ ዲባባም ከዚያው ከአርሲ፣ ከበቆጂ ወገን ናቸው። ስለዚህ በዚያ ሰፈር ያሉ ልጆች ጨዋታቸው ሁሉ ሩጫ ነው። የመምህሩ ልጅ በአጥሩ ጥግ በድንጋይ ላይ ተቀምጦ ማን እንደ ቀደመ ይፈርድ ነበር። በፍርዱ የማያዳላ መሆኑ ስለ ታወቀ ልጆቹ ያከብሩታል፤ ዳሩ ግን ዳኝነቱን ወዶ የመረጠው አልነበረም።

አንድ ዓመት ከመስቀል በዓል በኋላ፣ በአዲስ አበባ የሚኖረው የልጁ አጎት ባለ አራት ጎማ የልጅ ሞተር በጭነት መኪና አስጭኖ ላከ። ሞተሩ አዲስ አልነበረም፤ የአጎቱ ልጅ ሲጫወትበት ኖሮ፣ 12 ዓመት ሲሞላውና ሰውነቱ ሲገዝፍ የተወው ነው። ቁመቱ ከጥጃ አይበልጥም፤ ጎማዎቹ ድንክና ሰፋፊ ናቸው፤ የመንገዱን ንቅናቄ የሚቀበሉ ሞላዎች፣ ሁለት ከፊት አንድ ከኋላ፣ ተገጥመውለታል። መምህሩ አስቀድሞ ያደረገው ነገር ቢኖር የነዳጁን እጀታ የሚገድበውን ትንሽ ቡሎን ማጥበቅ ነበር፤ ይኸውም ሞተሩ ከሚሮጡ ልጆች እንዳይበልጥ ነው። ከዚያም ሦስት ነገር ደነገገ፦ የራስ ቁር ሳይደረግ አይነዳም፤ ከመሰማሪያው ሜዳ አይወጣም፤ ሌላ ሰው ከኋላ አይጫንም።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የደስታ ነበሩ። ልጁ በሜዳው ላይ ከእኩዮቹ ጋር ይሽቀዳደማል፤ አንዳንድ ጊዜ ይቀድማል፤ ብዙ ጊዜ ግን ይቀደማል፤ መቀደሙንም እንደ ታላቅ ወግ አድርጎ በእራት ጊዜ ለእናቱ ያወራላታል። ፍርዱን የሚሰጥ ጠፍቶ ልጆቹ ይጣሉ ጀመር።

ታኅሣሥ ሲገባ ነገሩ ተለወጠ። ልጁ አንድ ቀን «ዛሬ እኔ ልዳኝ» ብሎ በድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። በማግሥቱም እንዲሁ አደረገ። አባቱ ምን እንደ ሆነ ቢጠይቀው «ምንም አልሆንኩም፤ ደህና ነው» አለ። ቅዳሜ ማታ እናቱ ገላውን ስታጥበው ወገቡን በዳሰሰች ጊዜ ጥርሱን ነከሰ። ከመቀመጫው በላይ የበለዘ ስፍራ አየች። ስታባብለው እያለቀሰ የተናገረው ቃል ይህ ነው፦ «ለአባዬ አትንገሪው፤ ለአጎቴ ይመልስበታል።»

እናትየዋ ግን ነገረችው። መምህሩ በማግሥቱ ልጁ ሲነዳ ከሩቅ ቆሞ ተመለከተ። በአርሲ ደጋ ጥቁር አፈር ያለበትን ሜዳ የሚያውቅ ሰው ነገሩን ወዲያው ይረዳዋል፤ ከብቱ በክረምት ጭቃውን ሲረግጥ የኮቴው ጉድጓድ ይቀራል፤ በጋ ሲመጣ ያ ጉድጓድ እንደ ሸክላ ይደርቃል። ሞተሩ በዚያ ላይ ሲሄድ አራቱም ጎማ እንደ ከበሮ መቺ ይዘላል። ልጁም መቀመጫው እንዳይመታው በመርገጫው ላይ ቆሞ ይነዳ ነበር፤ ነገር ግን የሚቆመው በግራ እግሩ ብቻ ነው።

መምህሩ መጀመሪያ ያሰበው መንገዱን ማስተካከል ነበር። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ዶማና አካፋ ይዞ የኮቴውን ጉድጓድ ሲሞላ፣ ጉብታውንም ሲደመድም ዋለ። ሰኞ የሰፈሩ ከብት ተመልሶ ገባበት፤ ቀጥሎም ያልታሰበ ዝናብ ጣለና ሜዳው እንደ ቀድሞው ሆነ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የሚባለውን ታላቅ መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፣ መንገዱን በፊቱ እያስቆፈሩና እያስደለደሉ ወራት ፈጅቶባቸዋል። ያ የንጉሥ ሥራ ነው፤ ሠራዊት ያለው ሰው መንገዱን ለተሽከርካሪው ያበጃል። ዶማ ብቻ ያለው ሰው ደግሞ ተሽከርካሪውን ለመንገዱ ማበጀት ይኖርበታል።

ስለዚህ ሞተሩን በባጃጅ አስጭኖ ወደ አንድ ጋራዥ ወሰደው። መካኒኩ መቀመጫውን ሁለት ጊዜ በእጁ ገፋ ገፋ አድርጎ፣ ሦስቱም ሞላ መለወጥ እንደሚገባውና ዕቃው ከመርካቶ እንደሚመጣ ነገረው። የጠራው ዋጋ ከመምህሩ የወር ደመወዝ የሚበልጥ ነበር። መምህሩ ዝም ቢል ጊዜ፣ መካኒኩ አዝኖለት፣ «እንግዲያውስ የኋላውን ሞላ ሁለት ዙር ቆርጬ ላሳጥርልህ፤ ይለሰልሳል» አለው። መምህሩም ተስማማ። ሞላው ዘጠኝ ዙር ነበረ፤ ሁለቱ ተቆርጠው ሰባት ቀሩ።

ልጁ በተቆረጠው ሞላ አንድ ጊዜ ሜዳውን ዞሮ መጣ። ፊቱ ነጭቷል። «ደህና ነው አባዬ» አለ።

ሞላ ሲቆረጥ የሚለሰልስ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። ረጅም የባሕር ዛፍ ዘንግ ጫፉን ሲጫኑት ይጎነበሳል፤ ያንኑ ዘንግ ከግማሹ ቆርጠው ቢጫኑት ግን እምቢ ይላል። የሞላም ነገር እንዲሁ ነው። እያንዳንዱ ዙር ከጠቅላላው መታጠፍ የየራሱን ድርሻ ይሰጣል፤ ዙሩ ሲቀነስ የሚታጠፈው ብረት ስለሚያንስ ቀሪው ይደነድናል። ከዘጠኝ ሁለቱ ሲቀነሱ ድንዳኔው ከሩብ በላይ ይጨምራል። የተቆረጠው ሞላ ዝቅ ስላለ ለዐይን የለሰለሰ ይመስላል፤ ነገር ግን ዝቅ ማለትና መለስለስ አንድ አይደሉም። መምህሩ ይህን በኋላ በወረቀት ላይ አስልቶ ሲያገኘው፣ ለተማሪዎቹ ተመሳሳይ ጥያቄ በየዓመቱ ሲሰጥ መኖሩን አስታውሶ አፈረ።

በዚያ ሰሞን፣ አመሻሽ ላይ፣ ከገበያ ሲመለስ በአንድ ሽማግሌ ጋሪ ላይ ተሳፈረ። ባጃጅ ከመጣ ወዲህ የጋሪ ገበያ ቀዝቅዟል፤ እኒህ ሽማግሌ ግን ፈረሳቸውንም ጋሪያቸውንም አልተዉም። በወጣትነታቸው የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1967 ተባብረው በአሰላ ባቋቋሙት፣ ካዱ በሚባለው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት በቀን ሠራተኛነት አገልግለዋል። ድርጅቱ በዚያን ዘመን ለአገሩ በሬና ለአገሩ መሬት የሚስማማ ማረሻና በእንስሳ የሚጎተት ጋሪ እየሠራ ይሞክር ነበርና፣ ሽማግሌው ስለ ጎማና ስለ ብረት ብዙ ያዩ ሰው ናቸው። በድንጋይ ንጣፉ ላይ ሲሄዱ መምህሩ ጋሪው እምብዛም እንደማያንገጫግጭ አስተዋለና ምክንያቱን ጠየቃቸው።

«ባሌስትራውን አየኸው?» አሉት፤ ከኦሮምኛ ጋር እየቀላቀሉ ነው የሚናገሩት። «ከአሮጌ መኪና የተነሣ ነው። ሲመጣ ሰባት ዝርግ ብረት ተደራርቦበት ነበረ። ገብስ ወደ ገበያ ስጭን በሰባቱ እጭናለሁ። ሰው መጫን ስጀምር ሦስቱን አወጣሁ። ሰባቱን እንደ ያዘ ሰው ብትጭንበት ጋሪው የጫንከው ነገር ስለ መኖሩም አያውቅ።»

መምህሩ ስለ ልጁ ሞተር ነገራቸው። መካኒኩ የቆረጠውን ሲሰሙ በምላሳቸው ጠጭ አድርገው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ለመሆኑ መምህር፣ ልጁ ስንት ኪሎ ነው?»

መምህሩ መልስ አልነበረውም። የልጁን ዕድሜ በወርና በቀን ያውቃል፤ የጫማውን ቁጥር ያውቃል፤ በየትምህርቱ ያገኘውን ውጤት ያውቃል። ክብደቱን ግን ለክቶ አያውቅም ነበር። መካኒኩም አልጠየቀም፤ እርሱም ለመናገር አላሰበም።

በማግሥቱ ልጁን ወደ እህል ነጋዴ ወስዶ በሚዛን ላይ አቆመው፤ 24 ኪሎ ሆነ። ከዚያው ነጋዴ ገብስ ገዝቶ ሁለት ጆንያ እያንዳንዱን ልክ 24 ኪሎ አስመዝኖ አሰረ። ይህን ያደረገው ልጁን ቀኑን ሙሉ ከሚያመው መቀመጫ ላይ ሲያወጣና ሲያወርድ እንዳይውል ነው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጆንያው የልጁ ምትክ ሆነ። የቤቱ ሰዎችም በቀልድ ጆንያውን «ታናሽ ወንድሙ» ይሉት ጀመር።

መምህሩ በመቀመጫው ጎን ማስመሪያ አቁሞ በጠመኔ ምልክት አደረገና ጆንያውን ጫነ። መቀመጫው ንቅንቅ አላለም። ሁለተኛውን ጆንያ ደረበበት፤ ያን ጊዜ የአውራ ጣት ውፍረት ያህል ወረደ። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ በ1678 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሞላ የሚሳበው ወይም የሚጨመቀው በተጫነበት ኀይል መጠን መሆኑን አስረድቷል፤ ክብደቱ እጥፍ ሲሆን መውረዱም እጥፍ ይሆናል። እንግዲያስ የመጀመሪያው ጆንያ ስለ ምን አላወረደውም? መምህሩ ተንበርክኮ ሲመረምር፣ በሞላው ጫፍ ላይ ያለው የሚዞር ቀለበት እስከ መጨረሻው ተጠምዝዞ አገኘው። ቀለበቱ ሞላውን አስቀድሞ ጨምቆ ይይዘዋል፤ የተቀመጠው ሰው ክብደት ያንን ጭመቃ እስኪያሸንፍ ድረስ ሞላው እንደ ድንጋይ ነው። የአጎቱ ልጅ ሲገዝፍ ሞተሩ እንዳይወርድበት ያጠበቁት ኖሯል። ስምንት ዓመት የሞላው ልጅ የሚነዳው በአንድ ጎረምሳ ልክ የተሰፋ ልብስ ነበር ማለት ነው፤ መካኒኩ ደግሞ ያንኑ አጠነከረው።

ከዚህ በኋላ መምህሩ ገንዘብ ከማይጠይቀው ነገር ጀምሮ ወደሚጠይቀው ለመሄድ ወሰነ።

ገንዘብ የማይጠይቀው የመጀመሪያው ነገር በጎማው ውስጥ ያለው አየር ነበር። ሞተሩ ከአዲስ አበባ በመጣ ጊዜ ጎማዎቹ ተንፍሰው ስለ ነበር፣ ጎሚስታው እንደ ባጃጅ ጎማ ቆጥሮ 30 ፓውንድ ነፍቷቸዋል። እንዲህ ያለ ሰፊና ድንክ ጎማ ግን ብዙ ጊዜ ከ5 ፓውንድ የማይበልጥ አየር ነው የሚፈልገው፤ ይህም በጎማው ጎን በትንንሽ ጽሑፍ ታትሞ ይገኛል። በየቀኑ ለተማሪዎቹ «ጥያቄውን እስከ መጨረሻው አንብቡ» የሚለው መምህር አላነበበውም ነበር። የጎሚስታው መለኪያ ከ10 በታች ያለውን ስለማያሳይ ሌላ ዘዴ ፈለገ። ጎማውን ጥላሸት ቀባው፤ ጆንያውን ጭኖ ጎማውን በነጭ ወረቀት ላይ አሳረፈው። በወረቀቱ ላይ የታተመው የጎማው መካከል ብቻ ነበር፤ አየሩን ጥቂት በጥቂት እያስተነፈሰ፣ ጎኑ ሳይሸበሸብ የጎማው ስፋት በሙሉ እስኪታተም ድረስ ደጋገመው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማውሳት ይገባል። በአዳማ፣ በ1,700 ሜትር ከፍታ የተነፋ ጎማ ከ2,400 ሜትር በላይ ወዳለችው ወደ አሰላ ሲወጣ፣ የውጪው አየር ስለሚሳሳ በመለኪያው ላይ 1 ፓውንድ ያህል ይጨምራል፤ የደጋው ማለዳ ብርድ ደግሞ መልሶ ይቀንሰዋል። 30 ፓውንድ ላለው ጎማ ይህ ከቁም ነገር አይገባም፤ 5 ፓውንድ ላለው ግን አምስተኛው እጅ ነው። ስለዚህ የልጅ ሞተር ጎማ በሚነዳበት ስፍራና ሰዓት ቢለካ ይሻላል።

ልጁ በተነፈሰው ጎማ ሜዳውን ዞሮ ሲመጣ እንደ ልማዱ «ደህና ነው» አለ፤ ነገር ግን ለመውረድ አልቸኮለም።

ለልጅ ሲባል ጎማን በአየር ማለስለስ አዲስ ነገር አይደለም፤ እንዲያውም ዛሬ ዓለም የሚሄድበት የአየር ጎማ የተስፋፋው በዚሁ ምክንያት ነው። ጆን ቦይድ ደንሎፕ የሚባል የስኮትላንድ ተወላጅ፣ በአየርላንድ በቤልፋስት ከተማ የከብት ሐኪም ነበር። ትንሹ ልጁ በድንጋይ በተነጠፈው መንገድ ባለ ሦስት እግር ብስክሌቱን ሲነዳ ያንገጫግጨዋል። በዚያን ዘመን የብስክሌት ጎማ ድፍን ነው። ደንሎፕ በ1887 ከስስ የጎማ ቅጠል ቱቦ ሠርቶ፣ በክብ እንጨት ዙሪያ በሸራ አሰረውና በኳስ መንፊያ ነፋው። ከዚያም የልጁን ብስክሌት ጎማና ይህን አዲሱን በግቢው ውስጥ አንከባለላቸው። ድፍኑ ከመንገድ ሲወድቅ፣ አየር ያለበት ግን ግቢውን አቋርጦ ከበሩ ጋር ተጋጭቶ ተመለሰ። በ1888 መጀመሪያ ላይ ለልጁ ብስክሌት ገጠመለት፤ በዚያው ዓመትም የፈጠራ መብት አገኘ። በኋላ ሲመረመር ሮበርት ዊልያም ቶምሰን የተባለ ሌላ ስኮትላንዳዊ ያንኑ አሳብ በ1845 አስቀድሞ አስመዝግቦት ስለ ተገኘ መብቱ ተሻረበት። ቶምሰን ያሰበው ለሠረገላ ነበረ፤ ሐሳቡም ተረስቶ ቀርቷል።

ሁለተኛው ሥራ ማላላት ነበር። መምህሩ ቀለበቱን እስከ መጨረሻው መለሰው። ከዚያ በኋላ ሞላዎቹን አውርዶ ጎማውን የሚይዙትን ክንዶች ለብቻቸው አነሣና ለቀቃቸው። ሞላ የሌለው ክንድ በገዛ ክብደቱ መውደቅ ነበረበት፤ እርሱ ግን እንደ ተነሣ ቀረ። ክንዱ የሚዞርበት ቦኮላ ደርቆ ዝጓል፤ ቡሎኑም ከልክ በላይ ጠብቋል። በአሸዋ ወረቀት ጠርጎ፣ ግራሶ ቀብቶ፣ ቡሎኑን ክንዱ እስኪወድቅ ድረስ አላላው፤ ቡሎኑ ተፈትቶ እንዳይወጣ የሚቆልፍ ዳዶ ጨመረበት። ለዚህ ሁሉ ያወጣው ገንዘብ ከአንድ ኪሎ ቡና ዋጋ አይደርስም።

የፊቱ ሁለት ሞላ በዚህ ዳነ። የኋላው ግን የተቆረጠ ነውና ምንም ቢያላሉት ደንዳና ነው። መምህሩ ሁለት ሳምንት ያህል ከአሮጌ ብረት ሻጮች ዘንድ እየዞረ ሞላ ሲለካ ከረመ፤ ሻጮቹም ቀልበ ቢስ ሳይመስላቸው አልቀረም። በማስመሪያ የሚለካው የብረቱን ውፍረት ነበር፤ ምክንያቱም የሞላ ድንዳኔ በሽቦው ውፍረት አራተኛ ርቢ ነው የሚያድገው። የልጁ ሞላ ሽቦ 9 ሚሊ ሜትር ነበር፤ በመጨረሻ ከአንድ ከወደቀ ሞተር ብስክሌት ላይ ባለ 8 ሚሊ ሜትር አገኘ። ልዩነቱ አንድ ሚሊ ሜትር ቢሆንም፣ ዙሩ እኩል ቢሆን እንኳ ድንዳኔው ከቀድሞው ሁለት ሦስተኛ አይሞላም። ይህ ደግሞ ዙሩ አሥራ አንድ ነበረ።

ሞላውን ብቻ ወስዶ በአሮጌው ዘንግ ላይ ገጠመው። ጆንያውን ሲጭን መቀመጫው በሚገባ ወረደ፤ መምህሩም ደስ አለው። ልጁ ግን ሜዳው ላይ ሲወጣ ሞተሩ እንደ ፌንጣ ይነጥር ጀመር፤ አንዱን ጉብታ ካለፈ በኋላ ሦስትና አራት ጊዜ ይዘላል፤ ከአንዱ ዝላይ ላይም ልጁ ከመቀመጫው ሊነቀል ምንም አልቀረው። አባቱ ሮጦ አስቆመው። በዚያ ማታ ሞተሩን ለአጎቱ ለመመለስ ወስኖ ነበር፤ ለሚስቱም ነገራት። እርሷም «ዳኝነቱን ለማን ልትሰጥበት?» ብላ መለሰችለት።

በማግሥቱ እንደገና ወደ ሽማግሌው ሄደ። ሽማግሌው አልተደነቁም። ፈረሳቸውን ከፈቱ በኋላ የጋሪያቸውን ባሌስትራ አሳዩት፤ ዝርግ ብረቶቹ አንዱ በአንዱ ላይ ሲንሸራተቱ ተፋፍገው ያብረቀርቃሉ።

«ሲሄድ ጭርር የሚለው ይኸ ነው። ሰው ዘይት ቀባው ይለኛል፤ እኔ አልቀባም። ካልተፋጨ ያዘልለኛል። ያንተው ሞላ የሚፋጨው ነገር የለውም።»

ነገሩ እርሳቸው እንዳሉት ነው። ሞላ የተቀበለውን ኀይል አይበላም፤ ጠብቆ ይመልሳል። ኀይሉን የሚበላው መፋተግ ነው፤ በጋሪ ባሌስትራ የብረቱ መፋጨት ይህን ይሠራል፤ በመኪናና በሞተር ብስክሌት ደግሞ አሞርዛተር የሚባለው ዕቃ በውስጡ ዘይቱን በጠባብ ቀዳዳ እያስተላለፈ ንቅናቄውን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። የልጁ ሞተር አሞርዛተር ያለው ይመስላል እንጂ የለውም፤ በሞላው መካከል የነበረው ዘይት የሌለበት ባዶ ዘንግ ነው። በርካሽ የሚሸጡ የልጅ ሞተሮች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ሞላቸው ደንዳና ሆኖ የሚሠራውም በከፊል ስለዚህ ነው፤ የማይታጠፍ ነገር አይነጥርምና ጉድለቱ ተሸፍኖ ይቀራል።

መምህሩ ወደ ብረት ሻጩ ተመልሶ የዚያኑ የሞተር ብስክሌት አሞርዛተር ከነዘይቱ ገዛ። ሲመርጥ ሦስት ነገር አየ፤ ዘንጉ እንዳልጎበጠ፣ ዘይት እንዳላፈሰሰ፣ በእጅ ሲጨመቅም ወዲያው ሳይፈናጠር ቀስ ብሎ እንደሚመለስ። ርዝመቱ ጥቂት ስለ በለጠ በያጅ ዘንድ ሄዶ የላይኛውን መያዣ በወፍራም ላሜራ አስቀየረ። በያጁ እሳቱን በሞላው አጠገብ እንዳያቀርብ ሞላው አስቀድሞ ተለይቶ ወጣ፤ የጋለ ሞላ ጠባዩን ያጣልና። ለብረት ሻጩና ለበያጁ የከፈለው ተደምሮ መካኒኩ ከጠራው ዋጋ ስድስተኛ እጅ አልሞላም።

ጆንያው ለመጨረሻ ጊዜ ተጫነ። ሞላው ተጨምቆ ጎማው ሊሄድ የሚችለው 80 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ጆንያው በተቀመጠበት ጊዜ 22 ወረደ። ከሩብ ጥቂት ይበልጣል፤ የቀረው ለጉድጓዱና ለጉብታው ነው። እንዲህ ከሆነ ጎማው ወደ ጉድጓድ ሲገባ የሚከተለው፣ ጉብታም ሲያገኝ የሚሸሸው ስፍራ አለው ማለት ነው። የለሰለሰ ሞተር በመታጠፊያ ላይ ወደ ጎን ስለሚያዘነብል፣ ልጁ ሰውነቱን ወደሚታጠፍበት ወገን እንዲጥል አባቱ አንድ ከሰዓት ሙሉ በዝግታ አለማመደው። በዚህ መካከልም ልጁን ሐኪም ዘንድ ወስዶት ነበር፤ ጀርባው ጉዳት እንዳላገኘው ተነግሮት፣ የቀኝ ጫማው ሶል ከፍ እንዲል ታዘዘለት። ሶሉን የሠራው ጫማ ሰፊ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ቆርጦ ነው።

የመጀመሪያው ሙከራ በአንድ የየካቲት ቅዳሜ ማለዳ ሆነ። ሽማግሌውም ጋሪያቸውን በአጥሩ ጥግ አቁመው መጥተው ነበር። ልጁ ሜዳውን አንድ ጊዜ ዞረ፤ ሁለተኛም ዞረ፤ በሦስተኛው እየተቀመጠ ነበር የሚነዳው። አባቱ እንዲመጣ በእጁ ቢጠራው እንዳላየ ሆኖ አለፈ። በመጨረሻ ቀርቦ ሲቆም መምህሩ እንዴት እንደ ሆነ ጠየቀው።

ልጁ ፊቱን ኮሶ አስመስሎ፣ «ጡሩምባው አይሠራም» አለ። «ደግሞ እጀታው ይቀዘቅዛል። ደግሞ ያ ቡሎን ቢላላ ኖሮ በቀደምኳቸው።»

ሽማግሌው ሳቁ። መምህሩ ግን አልሳቀም፤ ከታኅሣሥ ጀምሮ ልጁ ስለ ምንም ነገር ቅሬታ አሰምቶ ስለማያውቅ፣ ቃሉን አንድ በአንድ ጽፎ መያዝ ቃጣው። ጡሩምባው በዚያው ቀን ተሠራ። ቡሎኑ አልተላላም።

ሁለቱ ጆንያ ገብስ በጓዳ ቀሩ። በሚቀጥለው ዓመት፣ መስቀል ካለፈ በኋላ፣ መምህሩ ሞተሩን እንደገና ሊለካ ጆንያውን ሲያነሣው ቀሎ አገኘው። ሚስቱ ለቆሎና ለበሶ ስትቀንስለት ከርማለች። ልጁን ወደዚያው እህል ነጋዴ ወስዶ አስመዘነው፤ 27 ኪሎ ሆኗል። መምህሩ አዲስ ገብስ ገዝቶ በዚያው ልክ አስመዘነና፣ እቤት ሲደርስ በሞላው ላይ ያለውን ቀለበት አንድ ዙር አጠበቀው።